ጥሩወርቅ የፈለገችው ፊት

የጥሩወርቅ ሥራ ፎቶ መፈለግ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜም ይስቁባት ነበር፤ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ተቀምጣ ፎቶ እያየች ደመወዝ ትበላለች ይሏታል። ይበሉ! እኔ ሽበሺ በዚያው መሥሪያ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ አጣቢ ነበርኩና ምን እንደምትሠራ አውቃለሁ።

የጀመረችው አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ በነበረ ፎቶ ቤት ነው። ደንበኛ ከስንት ዓመት በኋላ መጥቶ የሠርጌን ፎቶ ድገሙልኝ ሲል ባለቤቱ ራሱን ያካል፤ ጥሩወርቅ ግን ከኔጋቲቩ ክምር ውስጥ ገብታ ይዛው ትወጣለች። ወሬው ደረሰና የክፍለ ሀገሩ ማስታወቂያ መሥሪያ ቤታችን ወሰዳት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ፎቶ የማይፈለግበት ቀን የለም። ለአብዮት በዓል፣ ለጋዜጣ፣ ለቀን መቁጠሪያ፣ ለመሠረተ ትምህርት። ከአዲስ አበባ ይደወልና የሚስቅ ገበሬ ላኩልን ይባላል። እንግዲህ በዚያ የረሃብ ዓመት የሚስቅ ገበሬ ከየት ይምጣ? እሷ መሳቢያዋን ትከፍትና በልጁ ሠርግ ላይ የተነሳ አንድ አባወራ ታገኛለች፤ ሰውዬው በሳምንቱ ስለ ምርት ዕድገት የሚስቅ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለች የፎቶ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ከሌላ ክፍለ ሀገር ሳይቀር ሰው እየላኩ ፎቶ ፈልጊልን ይሏት ነበር።

ሰባ ዘጠኝ አልፎ ሰማንያ ሲገባ ግን ሰው ሌላ ዓይነት ፎቶ ይፈልግ ጀመር። ብሔራዊ ውትድርና የሄዱት ልጆች መርዶ ይመጣል፤ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እንዲህ ሲሆን የኛ ሰው የሟቹን ፎቶ አሳድጎ ድንኳን ውስጥ ይሰቅልና እሱን እያየ ያለቅሳል። የሰፈራችን ሰው እትዬ ብዙነሽ አንድ ልጃቸው ይልማ ሰሜን ቀረባቸው። ይልማ ፎቶ አልነበረውም። የነበረችውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ብሎ ይዟት ሄዷል። እትዬ ብዙነሽ ቢሮ ድረስ መጡና የጥሩወርቅን ጠረጴዛ በሁለት እጃቸው ተደገፉ።

«ልጄን ምን እያየሁ ላልቅሰው?» አሏት።

አንድ ነገር ያስታውሳሉ። ይልማ ከቀበሌው ወጣቶች ጋር ለበዓል ሰልፍ ወጥቷል፣ የመፈክር እንጨት ይዞ። ጥሩወርቅ የሰልፉን ኔጋቲቭ ሁሉ አወረደች። ምሳ የለ፣ ሻይ የለ። በመጨረሻ ጠራችኝና በማጉያው አሳየችኝ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሹራብ የለበሰ፣ እንጨት የያዘ ልጅ። ፊቱ ምስር አያክልም። ተይ፣ ይኼ ማንም ሊሆን ይችላል አልኳት። ተቆጣች። ቁመቱም ዕድሜውም የነገሯት ነው፤ በዚያ ረድፍ ሌላ እንጨት የያዘም የለም። የቡሹሎ ገበሬ ማኅበር ልጆች ከኛ ቀበሌ ጋር ተቀላቅለው መሰለፋቸውን እሷም እኔም ረስተነዋል።

ሳሳድገው ፊቱ እንደ ቆሎ ተበታተነ። ጥሩወርቅ እርሳሷን አነሳች። ፎቶ ቤት ሳለች የደንበኛን ጉድፍ በእርሳስ ታጠፋ ነበር። አሁን እትዬ ብዙነሽን አጠገቧ አስቀምጣ እየጠየቀቻቸው ሞላችው። ቅንድቡ ወፈር ይላል ይሏታል፣ ታወፍረዋለች፤ አገጩ ላይ ስርጉድ አለው ይሏታል፣ ታኖርለታለች። ሲያልቅ እትዬ ብዙነሽ ብዙ አዩት። ከዚያ እሱ ነው አሉና አቅፈውት ሄዱ።

በሠልስቱ ከቡሹሎ አንዲት ሴት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ታቢታ ትባላለች፤ ለእትዬ ብዙነሽ ጎመን የምታመጣ ደንበኛቸው ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፣ ፎቶውን አየችና ቆመች።

«ሹራቡን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሙሴ ነው። ልጄ መቼ ነው የሞተው?»

ልጇ ሙሴ ያን ጊዜ እሱም ሰሜን ነበር። እግዚኦ፣ መርዶ እኮ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው! ከለቀስተኛው መሃል የነበረችው ጥሩወርቅ ሰው እየጣሰች ደርሳ ታቢታ እግር ላይ ወደቀች። ስለ ሙሴ ምንም ወሬ እንዳልመጣ፣ ስህተቱ የራሷ እንደሆነ በማርያም ማለች። ታቢታ አላመነችም፤ ሁላችሁም አውቃችሁ ደብቃችሁኛል ትላለች። እንድታምን ያደረጓት እትዬ ብዙነሽ ናቸው።

«ይልማ አለመሆኑን ገና ሳየው አውቄያለሁ» አሉ። «ዓይኑ የልጄ አይደለም። ግን ቅንድቡን ስትሠራው፣ አገጩን ስትሠራው፣ ልጄ ቀስ እያለ መጣልኝ። እንዴት አፌን ሞልቼ አይደለም ልበል? የሰው ልጅ ሰርቄ አለቀስኩበት። ማሪኝ፣ ታቢታ።»

በቁም ላለ ሰው ማልቀስ በኛ ዘንድ ሞት መጥራት ነው። ፎቶው ወረደ፤ እትዬ ብዙነሽም ባዶ ሸራ እያዩ ተቀመጡ። ማንን ልቆጣ እንደሚገባኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ዓይኗ አብጦ መጣች። ሥራውን ልትለቅ ነው፤ የሰው ፊት ካምታታሁ ሙያዬ ምን ይረባል አለችኝ። ከዚያ በፊት ግን ያንኑ ኔጋቲቭ አመጣችና እርሳስ የማይነካው አንድ ፎቶ እንዳሳድግላት ጠየቀችኝ። አሳደግሁላት። የወረደውንም ጨምረን ይዘን ቡሹሎ ሄድን። ታቢታ የተለቀሰበትን በገዛ እጇ እንድታቃጥለው ነበር ሐሳባችን።

ታቢታ ሁለቱንም ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስታይ ቆየች። ያንን ብዥ ያለውን፣ እርሳስ ያልነካውን አነሳችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሌላውን ለጥሩወርቅ ዘረጋችላት።

«ይኼን ለብዙነሽ መልሺላት» አለቻት። «የሷ ልጅ ነው። የኔ ሙሴ አገጩ ላይ ስርጉድ የለውም።»

ስንመለስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። ጥሩወርቅ ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ሰቀለችው።