ከቄጠማው ማዶ ላሉት

ልጆቼን ሀገር ላሳያቸው ከአሶሳ ተነስተን ባምባሲን እንዳለፍን፣ በመኪናው መስኮት የገባው የረግረግ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ከአባቴ ጋር የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነበርን። የዳቡስ ረግረግ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ነጫጭ ወፎች ከቄጠማው እየተነሱ ይበራሉ። እኔ በወፎቹ ስደሰት አባቴ መስታወቱን ዝቅ አደረገና፣ ከቄጠማው ማዶ ወዳለው ባዶ ጉብታ ዞሮ «አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«አባዬ፣ ማንን ነው?» አልኩት።

«በሰፈራው ጊዜ ከወሎ አብረውን የመጡትን።»

«ቤታቸው የታለ?»

«አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር። ወባው ጊዜ አልሰጠንም» ብሎ መስታወቱን ዘጋው። እኔ የማውቀው ወባ ኪኒን ተውጦ የሚድን ነበር።

እዚያ ጉብታ ላይ ታላቅ ወንድሜ እንደተቀበረ እናቴ የነገረችኝ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው።

አሁን ልጆቼ ወፎቹን በስልክ ይቀርጻሉ። ሹፌሩን ቀስ እንዲል ለመንኩትና መስታወቱን ዝቅ አደረግሁ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

ትንሿ ልጄ ወደ ውጭ አየች። ሰው የለም።

«እማዬ፣ ማንን ነው?»

«አጎትሽን።»