የፍቺያችን ግልባጭ

ፊደል የቆጠርኩት ሚስቴን ከፈታሁ በኋላ ነው። ለምን ተማርክ ሲሉኝ ወንጌል ላነብ ብዬ ነው እላለሁ፤ ቄሱ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በፍቺያችን ቀን በዐጥቢያው ዳኛ ፊት አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስረገጡኝ። ምን እንደተጻፈበት እንጃ። ሚስቴን የወሰደብኝን ነገር ማንበብ አለመቻሌ አንገበገበኝ። በዚያው ዓመት፣ ጢሜ ሸበት ማለት ጀምሮ ሳለ፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ አልኩ።

የተፋታነው በጠብ አይደለም። በጠብ ቢሆንማ ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን፤ ኩፍኝ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ስድብ ቆጥሬ ክፉ ክፉውን ተናገርኩ። ድንጋይ ፈላጭ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ከአለት ሳጋጭ ውዬ ለስላሳ ቃል ከየት ላምጣ? በመጨረሻ "አሰናብቱኝ" ብላ ያመለከተችው እሷ ናት። ጋብቻችን የሰማንያ ስለነበር ሽማግሎች ዕቃውን እኩል ከፈሉን። የልጅቷ አንቀልባ ለማን እንደሚደርስ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔ ጋ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከላምበረት በላይ ካለው የድንጋይ ማውጫ ድረስ አቀበቱን ወጥታ መጣች። መጀመሪያ ያየሁት አረማመዷን ነው።

"ደህና ዋልክ?" አለችኝ።

ሚስቴ ሳለች አንቱ ነበር የምትለኝ። ባል አንተ አይባልም ብላ እናቴ ናት ያስለመደቻት። አሁን ግን አንተ አለችኝ፤ ያውም ሳይከብዳት።

"ምን እግር ጣለሽ?"

"ወረቀት ፈልጌ ነው።"

"የምን ወረቀት?"

"የተፋታንበትን።"

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። "ምን ያደርግልሻል?"

"ላገባ ነው።" እንዲሁ በአጭሩ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች ጨመረች፦ "ጉርድ ሾላ የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ደግ ሰው ነው።"

ማግባቷን ቻልኩት። ደግ ማለቷን ግን አልቻልኩትም። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ እዚህ ደረቴ ላይ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤት የፊተኛው ጋብቻ መፍረሱን የሚያስረዳ ወረቀት ካላመጣሽ አዲሱን አንጽፍም አላት። ፍርድ ቤት ሄዳ በስሟ አስፈለገች፤ የለም አሏት። ተመልሳ ሄደች፤ አሁንም የለም። አብሮሽ የተፋታው ሰው ይምጣና ያስረዳ ብለው ላኳት።

"ባይገኝስ?" አልኳት።

"ባይገኝማ ያንተው ሚስት ነሽ ነው የሚሉኝ።"

በማግስቱ አብረን ወረድን። አብረን ማለቴ፣ እኔ ፊት እሷ ኋላ። ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ተደርድረዋል። አንዱ ገና ሲያየን "ኑ ወዲህ፣ ዳኛ የሚያስለቅስ አድርጌ ልጻፍላችሁ!" አለ። እሷ ወደሱ ስትሄድ ከለከልኳት።

"እኔ እጽፋለሁ።"

"አንተ?"

"እኔ።"

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ። ብዕር ከመዶሻ ይከብዳል፤ ይህን ያልቀመሰ አያውቀውም። እሷ ከጎኔ ቆማ እጄን ታያለች።

"መቼ ተማርክ?"

"ከሄድሽ በኋላ።"

 በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ማመልከቻ የገዛ ሚስቴ ለሌላ ሰው ትሰጥ ዘንድ ነው። ሳቁ ብላችሁ ሳቁ።

እሷን ደጅ ትቼ ቴምብር አስለጥፌ ገባሁ። መዝገብ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ወረቀቱ በሲባጎ እየታሰረ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ወደ መስኮቱ ዘወር አድርጎ አየው።

"ይህ ጽሑፍ ነው ወይስ የዶሮ ጭረት?"

"ዶሮም ጭራ ነው የምትበላው፤ ፈልግልኝ" አልኩት።

ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ተነሥቶ እሥሩን ሁሉ እያወረደ አገላበጠ። አቧራው አስነጠሰው።

"በባል ስም ብለህ አትድከም፤ መዝገብ የሚከፈተው በአመልካች ስም ነው። አመልካቿ እሷ ነበረች አይደል? በሷ ስም ደግሞ የለም። ይኸው፣ በዚህ ፊደል የሚጀምሩትን በሙሉ አየሁልህ።" ከዚያ እጁን እያራገፈ ጠየቀኝ፦ "ሌላ ስም የላትም?"

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

በኛ ወግ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እናቴም አወጣችላት። በዚያ ቤት አባቷ ባወጣላት ስም የጠራት ሰው አልነበረም፤ እናቴም፣ እኔም፣ ጎረቤቱም በዚያው በቤት ስሟ ነበር የምንጠራት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በፍቺው ቀን የዳኛው ጸሐፊ "ስምሽ ማነው?" ሲላት እናቴ ያወጣችውን ስም ነገረችው። አስባበት አይደለም፤ አፏ የለመደውን ነው የተናገረችው። ፊደል የማታውቅ ሴት በየትኛው ስሟ እንደጻፉላት በምን ታውቃለች? እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰምቼም፣ ሞኝነቴ፣ ያን ስም ካልጣለች አሁን ሐሳቧን ትለውጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

ጸሐፊው መልስ ይጠብቃል። አንዲት ቃል ናት፤ ካልተናገርኳት መዝገቡ እዚያው አቧራ ውስጥ ይቀራል፤ እሷም በወረቀት የኔ ትሆናለች። በወረቀትም ቢሆን።

መልሴ ሲዘገይ ጸሐፊው ቀልድ አማረው። በመስኮቱ በኩል ደጅ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እንግዲያው ምን ትደክማለህ! መዝገብ ከሌለ ፍቺ የለም። ሚስትህ ናት፣ እጇን ይዘህ ውሰዳ!" አለ። ባለጉዳዮቹ ሳቁ።

እኔ በመስኮቱ አየኋት። ከግድግዳው ተደግፋ ነበር የቆመችው። ሰምታለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ፊቷ ልጃችን የሞተች ዕለት የሆነውን ሆነ። እኔን ብቻ ፈርታ ቢሆን እችለው ነበር፤ ያ ፊት ግን ዳግመኛ ወደዚያ ቤት ተመለሺ የተባለች ሰው ፊት ነው። በሽማግሌ ፊት ያልተናገረችውን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ነገረችኝ።

"አላት" አልኩ።

"ምን አላት?"

"ሌላ ስም።" ነገርኩት።

ብዙም አልፈለገ። ከታች ካለው እሥር ስቦ አወጣው። በአንደኛው ጠርዝ አይጥ ቀምሳዋለች እንጂ ሙሉ ነበር። ግርጌው ላይ የኔ አውራ ጣት አለ፤ ጠቁሮ፣ ድንጋይ የተወብኝ ጠባሳ ሳይቀር ያስታውቃል። ከጎኑ የሷ፣ ትንሽ።

"ስንት ግልባጭ?" አለኝ።

"ሁለት።"

"እሷስ ልታገባበት ነው አሉ። አንተ ምን ያደርግልሃል?"

"ማንበብ ተምሬያለሁ" አልኩት። ብዕሩን ነክሮ መገልበጥ ጀመረ።

ግልባጩ፣ ሁለቱም ስም የአንዲት ሴት መሆኑ በጠርዙ ተጽፎ ማኅተም ተመቶበት ሲሰጠኝ ወጥቼ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበለችኝም። ስትመላለስ ከርማ ወረቀት ማመን አቅቷታል።

"አንብብልኝ። የኔ መሆኑን ልወቅ።"

ደጁ ላይ ካለ ዛፍ ሥር ቆምን። ድምፄን ጠራርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል ጀመርኩ። የፍርድ ቤቱን ስም አነበብኩ። አመልካች የሚለውን አነበብኩ። ወይዘሮ የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ እናቴ ያወጣችውን ስም አነበብኩ፤ ቀስ ብዬ፣ እንዳይሰበርብኝ።

"አቤት" አለች።

ድሮ ከጓሮ ስጠራት እንደምትለው ነበር። ከአፏ አመለጣት። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ዓይኗ ግን ቀድሟት ሞልቶ ነበር። የኔም ሳይሞላ አልቀረም፤ ፊደሉ ስለተምታታብኝ የቀረውን አላነበብኩላትም።

"ያንቺው ነው" አልኳት። አጥፌ ሰጠኋት።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

አንተም አላለችኝ፣ አንቱም። ወረቀቱን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጉርድ ሾላ ወረደች፤ እኔም የራሴን ግልባጭ ይዤ ወደ ላምበረቱ አቀበት ዞርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ቆም ብዬ ልጠራት አሰብኩ። በየትኛው ስም እንደምጠራት ሳወጣ ሳወርድ መንገዱ ዋጣት።