ኖራ የተቀባው ወፍጮ ቤት

ከአትክልት ተራ በታች ያለ አሮጌ ወፍጮ ቤት የሥዕል ማሳያ ሊሆን ነው ተብሎ፣ እድሳቱን ፎቶ እንዳነሳ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ከእድሳቱ በፊት እንዳነሳለት የፈለገው ሸረሪት ድሩንና የዱቄት ብናኙን ነበር። ስደርስ ግን ሽማግሌው ዘበኛ ግድግዳውን ሁሉ ኖራ ቀብተው ጠበቁኝ።

"ቤት እንደዚያ ተዝረክርኮ ፎቶ ይነሳል እንዴ?" አሉኝ።

እርር እያልኩ አነሳሁት።

ከዚያ ግንበኞች ኖራውን ፍቀው፣ ልስኑን አራግፈው፣ ጡቡን ራቁቱን አስቀሩት፤ ዘመናዊ ማለት ይሄ ነው ተባልን። እሱንም አነሳሁት።

በምረቃው ዕለት ሁለቱ ፎቶዎች "በፊት" እና "በኋላ" ከሚሉ ጽሑፎች በላይ ተሰቀሉ። ዘበኛው አይተው አዘኑልኝ፤ ወንበር ላይ ወጥተው ቦታቸውን አቀያየሩ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ማንም ሳያይብሽ አስተካክዬልሻለሁ።"

ፎቶዎቹን ልመልስ ስል ባለቤቱ እንግዶቹን አስከትሎ መጣ። በፎቶው ላይ ያለውን ኖራ በጣቱ እያሳየ፣ "እድሳት ማለት ይሄ ነው!" አለ።

አጨበጨቡለት።