የገባበት ቤት ቤቱ ነው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጎረቤቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆናት፤ ተዝካሯን በልቻለሁ፣ ነፍስ ይማርም ብያለሁ። ስለ አውራ ዶሮዬ ግን እስካሁን ይቅር አላልኋትም።

ወረታ ያኔ መንገድ ዳር የተደረደሩ ቤቶችና አንድ ሰፊ ገበያ ነበረች። እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርሁ። የጭነት መኪና የሚነዳው ወንድሜ ከአሥመራ ሲመለስ በቅርጫት ድንክ ዶሮዎች አመጣልኝ፤ አንድ ቀይ አውራና ሁለት ገብስማ ቄቦች። አውራው ከእርግብ ብዙም አይበልጥም፤ ኩራቱ ግን የፊታውራሪ ነበር። ሰው ሁሉ "ይኸ ደግሞ ምኑ ይበላል?" እያለ ሳቀብኝ። እኔ ለመብላት አልነበረም የያዝኋቸው፤ ደስ ስለሚሉኝ ነው። የትኛዋ እንቁላል ምን ዓይነት ላባ ታወጣ ይሆን እያልሁ ሳስብ ወጥ ያርርብኝ ነበር። ዶሮዋ የታቀፈችውን እንቁላል ወደ ፀሐይ አንስቼ አየዋለሁ፤ ደም ሥር ያልያዘውን አውጥቼ የያዘውን እመልሳለሁ። ካደጉት ጫጩቶች ትልልቁን ለገበያ፣ ከቄቦቹ ትንንሹን ለዘር አስቀር ነበር።

ጎረቤቴ የደብሩ አለቃ ሚስት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር፤ ፊት ለፊት እትዬ፣ አንቱ እላት ነበር። በልቤ ግን አንች ነበረች፣ አሁንም እንደዚያው ናት። ከድንክ ዶሮ በቀር የሌላት ነገር አልነበረም። አውራውን ሽጭልኝ ስትለኝ፣ "እትዬ፣ ያለኝ አውራ እሱ ብቻ ነው፤ ጫጩቶቹ ይደጉና ከነሱ እሰጥዎታለሁ" አልኋት። ፊቷ ጠቆረ።

ሚያዝያ ላይ አውራዬ ጠፋ። ጭልፊት ወሰደው ብዬ አለቀስሁ። ግንቦት ላይ በትምህርት ቤቱ ግቢ የእርሻ ትርኢት ተደርጎ ሰው ከየአገሩ፣ ከሐሙሲት ሳይቀር መጣ። እኔም ልይ ብዬ ሄድሁ። ከሙክቱና ከማር ጋኑ መሐል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሮለት፣ የኔው ዶሮ በሷ ቅርጫት ቆሟል። ሹማምንቱ እየዞሩ አደነቁት። ሽልማት ብለው አዲስ ፋኖስ ሰጧት። "የኔ ነው!" ብዬ ጮህሁ። "ኧረ ወዲያ! ከይፋግ ገበያ የገዛሁት ነው" አለች፣ ፋኖሱን አቅፋ።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። የንስሐ አባታችን በመሐል ተቀምጠው፣ "ዶሮ ቤቱን አይስትም። አመሻሽ ላይ ከሁለቱ ቤት መሐል ይለቀቅ፤ የገባበት ቤት ቤቱ ነው" ብለው ፈረዱ። እኔ ሞኟ ከሁሉም ቀድሜ እሺ አልሁ። አዲስ ዶሮ አስረው ሲቀልቡት ቤት እንደሚለምድ እያወቅሁ ረሳሁት። እሷ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እንቅብ ደፍታበት፣ ጤፍ እየበተነች፣ ማታ ማታ በገዛ እጇ ቆጥ እያወጣች አልምዳው ኖሯል። ሲለቀቅ ትንሽ ቆመ፤ ላባውን አራገፈ። ከዚያ ቀጥ ብሎ እሷ ቤት ገባ። እሷ እልል አለች፣ ሰፈሩም ሳቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሚስት እንዳለው ባል ሆነ። ቀን አጥር ዘሎ ከዶሮዎቼ ጋር ይውላል፣ ሲመሽ ወደሷ ይገባል። እሷም በየማታው ፋኖሷን በራፏ ላይ ትሰቅላለች፤ ለብርሃኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አውራው አልበቃት ብሎ ዘሩንም ፈለገች። ጠዋት ጠዋት "እሳት ልጫር" እያለች መምጣት ጀመረች። የአለቃ ሚስት ክብሪት አጥታ! እሷ በወጣች ቁጥር ድንኮቼ ከሚጥሉበት ቅርጫት እንቁላል ይጎድላል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔም ጸሎቱን ተውሁትና ቂሜን ያዝሁ።

ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ይሆናል። ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ውሃ ገባሁ፤ ከሣሩ ውስጥ የዳክዬ እንቁላል ለቀምሁ። መጠኑ ከድንኮቼ እንቁላል ብዙም አይለይም። የዶሮ ኩስ ቀባብቼ፣ ላባ ጣል አድርጌበት ቅርጫቱ ውስጥ አኖርሁት፤ የዶሮዎቼን እንቁላል ጓዳ ደበቅሁ። በማግስቱ እሳት ልትጭር መጣች። እየደጋገመች መጥታ ሁሉንም ጨረሰችው።

ፍልሰታ ተፈቶ ነው የፈለፈሉላት። ጠፍጣፋ አፍ፣ የተጣበቀ ጣት ያላቸው ጫጩቶች ከአለቃ ቤት ወጥተው፣ ከአጥሯ ጀርባ የደረሰው ውሃ ውስጥ ዘለው ገቡ። የታቀፈቻቸው ዶሮ ዳር ቆማ ትጮሃለች። በአገራችን ዳክዬ አይበላም፣ እርኩስ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ። እኔም አየሁ፤ እንደዚያ ቀን የጠገብሁበት ቀን የለም።

እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በተቀመጡበት ተነሣች።

"አባታችን፣ ይፍረዱኝ! በዚች ሴት ላይ ይፍረዱልኝ! አለቃን የሚያህል ሰው ቤት ዳክዬ አስፈለፈለችብኝ!"

"እንዴት አድርጋ?" አሉ አባታችን።

"እንቁላሉን ያስቀመጠችው እሷ ናት!"

"የት ነው ያስቀመጠችው?"

"ከዶሮዎቿ ቅርጫት!"

"ታዲያ ከሷ ቅርጫት ያለ እንቁላል አንች ቤት ምን አመጣው?"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከኋላ አንዱ "ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ" ሲል ሰማሁ። እኔ ጠላዬን ጠጣሁ። ያን ቀን ማታ አውራዬን በገዛ ባሏ እጅ መለሰችልኝ።

ግን ምን ዋጋ አለው! በማግስቱ ሲመሽ ተመልሶ ወደሷ ሄደ። አሰርሁት፣ ጤፍም በተንሁለት፤ ስፈታው ያው ነው። እሷም በራፏ ላይ ቆማ፣ "እኔሳ ምን ላድርገው? ቤቱን ያውቃል" እያለች ትስቃለች።

የገና በዓል ሲደርስ ከአውራው ልጆች አንዱ፣ ልክ እንደሱ ቀይ የሆነው፣ መጮህ ጀመረ። ዘሬ ተርፏል። ለበዓሉ ባሌን አባቱን እረደው አልሁት። ስገነጣጥለው እንባዬ መጣ፤ እወደው ነበር። እሷን ግን ከዚያ አብልጬ እጠላት ነበር። ለክብር እንግዳ የሚሰጠውን ፈረሰኛውን መርጬ፣ ከነወጡ በሳህን ላክሁላት።

ማታ ሳህኑን ራሷ ይዛ መጣች። ያች ትንሽ የፈረሰኛ አጥንት መሐሉ ላይ ተቀምጣለች።

"አንች፣ እሱን ነው እንዴ ያበላሽኝ?" አለችኝ።

"የገባበት ቤት ቤቱ ነው አልተባለም፣ እትዬ?" አልኋት። "ይኸው፣ ገባልዎት።"