ማንም ያልፈረመለት ማማ፦ ስለ ቄሰ ገበዝ ሞላ ይማም

የደብራችን ገበዝ የነበሩት ቄሰ ገበዝ ሞላ ይማም በንግሥ በዓላችን ጠዋት ከደወሉ ማማ ወድቀው አርፈዋል። በሐይቅ ከተማ፣ በደሴና በአዲስ አበባ ያላችሁ የንስሐ ልጆቻቸውና ወዳጆቻቸው ወሬው በስልክ ደርሷችኋል። «ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀናቸው ደርሶ ነው» ተብሎ የተነገራችሁም አላችሁ። ውሸት ነው። ቀናቸው አልደረሰም ነበር። ሊወድቅ የደረሰው ማማው ነው፤ ይህንንም እርሳቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ተናግረዋል።

እኔ የንስሐ ልጃቸው ነኝ። ልጄ ዲያቆን ሀብታሙ የዚያ ደወል ደዋይ ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጻፍ የሚያምርባቸው የተማሩ ሰዎች በደብራችን ሞልተዋል። እነርሱ ግን ቄሰ ገበዝ ከሞቱ ወዲህ የጻፉት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ስለ እርሱም እነግራችኋለሁ።

ቄሰ ገበዝ ሞላ ተወልደው ያደጉት ከአምባሰል ሥር ነው። በአባታቸው በኩል ያሉት ዘመዶቻቸው ሙስሊሞች ስለሆኑ በሐይቅ ገበያ ሲያልፉ «የኛ ቄስ መጡ!» የሚላቸው ብዙ ነበር። ሥራቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና ሕንፃ መጠበቅ ነው። እንደ እርሳቸው የጠበቀ ግን አላየሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሾፌሮች የለመኑትን የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ ይዘው ይመጡና የደወሉን ማንጠልጠያ ይቀቡ ነበር። ከመውጣታቸው በፊት የመሰላሉን እርከን አንድ በአንድ በመቋሚያቸው ይመታሉ። ሀብታሙ በመጀመሪያው ቀን ዘሎ ሊወጣ ሲል እግሩን ይዘው አወረዱት። «መሰላል ሳትነካው አትመነው» አሉት። «ሰው እንኳ ሲናገር ይታወቃል፤ ብረት እስኪወድቅ ዝም ነው የሚል።»

ማማው የተሠራው ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው። ከተማ ያሉ የደብሩ ተወላጆች ተሰባስበው ትልቅ ደወል ገዙ፤ ባለ ሦስት ደርብ ማማም አሠሩ። በሩ ላይ የአሥራ አንድ ሰው ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ተለጠፈ። እልልታው፣ ጭብጨባው ልክ አልነበረውም። ቄሰ ገበዝም ደስ ብሏቸው ነበር። ደወሉ ሲመታ ከሐይቁ ማዶ ይሰማ ነበርና።

ከዚያ ጦርነቱ በእኛ በኩል አለፈ። ከባድ መሣሪያው ሲጀምር ሰዉ ሁሉ ወደ ማማው ሮጠ፤ ግንቡ ወፍራም ነው ብሎ። ቄሰ ገበዝ በሩ ላይ ቆመው መለሱን። «ከሁሉ የረዘመውን ነው አይተው የሚመቱት! ወደ ዕቃ ቤት ግቡ!» እያሉ እየጮሁ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ መሄድ ያቃታቸውን በጀርባቸው እያዘሉ፣ ከዝቅተኛው የድንጋይ ዕቃ ቤት አስገቡን። እኔም ከነልጆቼ እዚያ ነበርኩ። በማግሥቱ ስንወጣ ማማው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አየነው። ከአጠገቡ የነበረው ባሕር ዛፍ ግንዱ ብቻ ቀርቷል።

መንገዱ ሲከፈት ቄሰ ገበዝ ብረት በያጁን ሐሰንን ጠርተው አሳዩት። ሐሰን ወጥቶ አየና ላቡ እየወረደ ተመለሰ።

«ቄሴ፣ ወላሂ ይኼን ደወል የያዘው ብረት አይደለም፤ ዱዓ ነው» አላቸው።

«እንግዲያስ ዱዓውን አንተ አድርግ፤ የብረቱን ንገረኝ።»

«የተሸከመው አግዳሚ ከመቀመጫው ተንሸራቷል። ገመዱም ተቀርቅሯል፤ ከታች ሆኖ መሳብ አይቻልም። ወጥቶ የሚመታ ሰው ደግሞ አብሮት ይወርዳል። ሰው እንዳይወጣ።»

በዚያው ቀን የማማውን በር ቆለፉ። ዙሪያውን ገመድ ወጥረው ቀይ ጨርቅ አሰሩበት። የጥንቱን የድንጋይ ደወል ከዕቃ ቤት አውጥተው ወይራው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ ሀብታሙ የሚመታው ያንን ነበር። ስንቱ ሳቀባቸው! «ሌላው ደብር በድምፅ ማጉያ ይቀድሳል፤ እኛ ድንጋይ እንቀጠቅጣለን» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም «ይኼ ድንጋይ አያቶቻችሁን ሁሉ ቀስቅሷል፤ የገደለው ሰው ግን የለም» ይሉ ነበር።

እኔ በተፈጥሮዬ የምፈራ ሴት ነኝ። ሀብታሙን ሌላ ሰው «ውጣ» ይለዋል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስነግራቸው «አብሽሪ፤ ልጅሽ አይወጣም» አሉኝ። በዚያው ሰሞን «ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ቢጎዳ የሚክስ። እንጠይቅ» ብለው ደሴ ሲሄዱ ተከትያቸው ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ልጅ እግር ናት፤ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች።

«አባታችን፣ ማማው ላይ የሚወጣው ሰው ቅጥር ነው?» አለቻቸው።

«አይደለም ልጄ፤ ለበረከት ነው የሚያገለግለው።»

«ማን ነው የሚልከው?»

«ደብሩ።»

«ደብሩ ማለት ማን?»

ቄሰ ገበዝ ያንኑ «ደብሩ» ደገሙላት። ልጅቷም በትሕትና አስረዳቻቸው። የተሰነጠቀ ማማ እንደዚያው ሆኖ ዋስትና አይገባለትም። መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው፣ ይጠገን፣ የሚወጡት ሰዎች በስም ይታወቁ፣ «ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሎ የሚፈርም ሰው ይኑር፤ ከዚያ መነጋገር እንችላለን አለች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ያቺ ልጅ ንስሐ አስገባችኝ» አሉኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ሰው ወደ ላይ ስንልክ፣ ላኪው ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።»

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ጉዳዩን አቀረቡ። እኔ ለስብሰባው ውኃ አቀራቢ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰብሳቢው ገና ሲያያቸው ሳቀ።

«ቄሰ ገበዝ፣ እግዜርን ትተው ኢንሹራንስ ቤት ገቡ አሉ?»

«እግዜርንስ አልተውኩም። ብሎን ማጥበቁን ግን እርሱ ለኛ ነው የተወው።»

ጉባኤው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «በዚህ ማማ ላይ ለሚወጣ ሰው ኃላፊው እኔ ነኝ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው። «ሰው ይውጣ የሚል ይፈርምና ይውጣ። የማይፈርም ከሆነ ማማው እስኪጠገን ተቆልፎ ይቆይ» አሉ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ መነጽሬን ረሳሁ አለ። አንዱ ከተማ ያሉት ይጠየቁ አለ። አንዱ «ለበረከት በሚሠራ ሥራ ፊርማ ምንድን ነው? ድፍረት አይሆንም?» አለ። ወረቀቱ ባዶውን ተመለሰላቸው። እብነ በረድ ላይ አሥራ አንድ ስም አለ፤ ወረቀት ላይ አንድ ስም ጠፋ! በየዓመቱ ይህንኑ ወረቀት አቀረቡ፤ በየዓመቱ «ይደርሳል» ተባሉ።

ዘንድሮ ለንግሡ ከከተማ እንግዶች ስለሚመጡ ታቦቱ ሲወጣ ትልቁ ደወል ይመታ ተባለ። ሰብሳቢው ቁልፉን በጉባኤ ስም ከቄሰ ገበዝ ተቀብሎ ለሀብታሙ ሰጠው። «አንተ ወጣት ነህ፤ ሦስት ጊዜ መትተህ ትወርዳለህ፤ ለበረከት ነው» አለው። ልጄ እንቢ ማለት አላወቀበትም። እኔ ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ ወደ ማማው ሲሄድ አየሁት። ቄሰ ገበዝ ከካህናቱ መካከል ወጥተው ቀደሙት። ቁልፉን ከእጁ ወሰዱ።

«ሂድ፤ ከመዘምራኑ ጋር ቁም» አሉት።

«አባቴ፣ እኔ እኮ...»

«ገበዙ ማነው?»

ከዚያ ሰዉን ሁሉ «ራቁ፣ ራቁ፣ ከገመዱ ውጪ!» እያሉ በመቋሚያቸው አስወጡ። ከማማው ጥላ ሥር ቁጭ ያለችን እርጉዝ እጇን ይዘው አነሡ። መሰላሉን እንደ ልማዳቸው እየመቱ ወጡ። ደወሉ አንድ ጊዜ ተመታ። ሁለተኛውን ሰማን። ሦስተኛው አልተመታም። አግዳሚው፣ ደወሉና እርሳቸው አንድ ላይ ወረዱ።

ሮጠን ስንደርስ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ሀብታሙን አዩትና «ከታች የነበረ ሰው አለ?» አሉት። «ማንም የለም አባቴ» አላቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

አሁን ሰብሳቢው በየለቅሶ ቤቱ «ታቦቱ የመረጣቸው ሰማዕት ናቸው» ይላል። ታቦቱን አትንኩት! የላካቸው ታቦቱ አይደለም፤ እናንተ የጉባኤው ሰዎች ናችሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። ሦስት ዓመት እስክሪብቶ ያጡ ሰዎች በሦስት ቀን አገኙ። «ቄሰ ገበዝ ማንም ሳያዛቸው በገዛ ፈቃዳቸው ወጥተው ወድቀዋል» ይላል፤ ሀብታሙ ምስክር ሆኖ እንዲፈርም ነው። «ነገሩ በሰላም ይለቅ፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡም ካሳ ምናምን ብለው ደብሩን እንዳይከሱ ነው» አሉኝ። «ደብሩ ማለት ማን?» አልኳቸው። ለመሄድ ተነሡ። በወጡም ጊዜ አንዱ ዞር ብሎ ለአርባቸው ደወሉ እዚያው ማማ ላይ ተመልሶ እንደሚሰቀል፣ መሐንዲስ መጠበቅ እንደማያስፈልግ፣ ደዋዩም ሀብታሙ እንደሆነ ነገረኝ። ለእርሳቸው መታሰቢያ ነው አለ!

አባቴ ቄሰ ገበዝ፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው። የተቆጣሁት በእነርሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በእርስዎም ላይ ነው። ሦስት ዓመት እንቢ ብለው ያን ጠዋት ለምን ወጡ? ቁልፉን ይዘው ደጁ ላይ ቢቀመጡ ማን ይደፍርዎት ነበር? ሀብታሙን ባየሁት ቁጥር አመሰግንዎታለሁ፤ ምስጋናዬ ሳያልቅ እቆጣዎታለሁ። እትዬ ዘነቡ ብቻቸውን ቀርተዋል። ይህን አላሰቡትም? ወይስ አስበውት፣ የእኔን ማልቀስ ነው የፈሩት? ይህን ሳልጠይቅዎት ሄዱ።

ወረቀቱን መልሼላቸዋለሁ። ልጄ አልፈረመም፤ አይወጣምም፤ በአፉ ነግሯቸዋል። ደወሉን ሊሰቅሉ ሲመጡ እኔና እትዬ ዘነቡ ከማማው በር ላይ እንቀመጣለን። ሐሰንም «እኔም እመጣለሁ፤ ኢንሻ አላህ» ብሏል። እርስዎ ሰው እንዳይከፋው ብለው በመጨረሻ ትከሻዎን ሰጡ። እኔ ትከሻ የለኝም፤ አፍ ግን አለኝ።

ይረፉ አባቴ። ጠብ አይወዱም ነበር፤ ለእኔ ይተዉልኝ።