ለሁለት ቤት አንድ አምፖል

ልብስ ሰፊውን፣ ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ፣ ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ይለው ነበር። ሌሎቹ የወጣላቸውን ስም ብትሰሙ የሱ ምርቃት ነው ትሉ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ሴት ልጁን አሳድጎ የዳረው በዚያች አሮጌ የስፌት መኪናው ነው። ቤቱም ከመኪናዋ፣ ከአልጋና ከጨርቅ ክምር ሌላ ብዙ የሚይዝ አልነበረም።

ያ ቤት ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። አከራዩ መሀሉ ላይ የጭቃ ግድግዳ አቆመና «ሁለት ቤት ነው» ብሎ አከራየው። ቆንቋና ስለነበር ለየቤቱ መብራት ማስገባት አላማረውም፤ ግድግዳውን ከላይ በኩል ሸንቁሮ ቀዳዳው ውስጥ አንዲት አምፖል አንጠለጠለ። ግማሹ ብርሃን ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። ማብሪያ ማጥፊያው ግን በመርፌ በኩል ቀረ።

በወዲያኛው በኩል የምትኖረው ዳቦ ቤት ሊጥ የምታቦካ ሴት ነበረች። ለምን እንዳላገባች ሲጠይቋት «ጊዜ መቼ አገኘሁና!» ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም። የሷ ሥራ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል፣ የሱ አምሽቶ ያልቃል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች አምፖል የተነሳ ሳምንት ሳይሞላው ይካሰስ ነበር። እነዚህ ግን ሳይማማሉም ሳይፈራረሙም የራሳቸውን ደንብ አወጡ። መርፌ ስፌቱን ሲጨርስ ወደ ቀዳዳው ቀና ይልና

«ጎረቤት፣ ላጥፋው?» ይላል።

«አጥፋው ጎረቤት» ትለዋለች፤ ወይም «ቆይ፣ ጸጉሬን ጎንጉኜ ልጨርስ»።

ሌሊት ተነስታ ግድግዳውን ስታንኳኳ ደግሞ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ሰዶ ያበራላታል። በስም አይጠራሩም፤ እሱም «ጎረቤት»፣ እሷም «ጎረቤት»። እንዲህ እያሉ የሱ ጸጉር ሸበተ፣ የሷም ጉልበት ማመም ጀመረ። መልስ ሳይሰማ አጥፍቶ አያውቅም። አንዴ እንቅልፍ ቀድሟት ዝም ብትለው ከአምፖሏ ጋር ተፋጦ ነው ያደረው።

ይወዳት ነበር። ሰፈሩ ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ግን ሰውየው ጨርቅ እንጂ ነገር መቁረጥ አይሆንለትም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ሰፈሩ ለመንገድ ይፈርሳል ተባለ።

በለቀቁበት ቀን እሷን የእህቷ ልጅ ከከተማው ማዶ ልትወስዳት መጣች፤ እሱን ልጁ ወሰደችው። ዕቃ ሲጫን መርፌ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሏን ፈታት።

«እንቺ፣ ውሰጂያት» አላት።

«ማብሪያው ባንተ በኩል አልነበር? ያንተው ናት።»

የሚባል ነገር ሞልቶ ነበር። ሁለቱ ግን ስለ ፍራሽና ስለ ገመድ ሲያወሩ የጭነት መኪናው ሾፌር ጡሩምባውን ያስጮህ ጀመር።

የልጁ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ነው፣ በረንዳው ሳይቀር የራሱ መብራት አለው። በመጀመሪያው ምሽት መርፌ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ ሳያስበው፣

«ጎረቤት፣ ላጥፋው?» አለ።

«አጥፋው አባዬ!» አለችው ልጁ ከሳሎን።

አላጠፋውም። መልሱስ መልስ ነው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ሆነበት። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ መብራቱ እንደበራ ማደሩን ቀጠለ። በመጨረሻ ልጁ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ መብራቱን ለምን አታጠፋውም?»

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። እሷም በዚያችው አምፖል ሥር ያደገች ናትና ነገሩ ገባት።

«ዳቦ ቤቱ እኮ አልፈረሰም፣ አባዬ» አለችው።

በነጋታው አምፖሏን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። መንገዱ በድሮው ሰፈር በኩል ነው። ቤቱ የነበረበት ላይ ጠጠር ፈሷል፤ ግድግዳቸው የት ጋ እንደነበር ቢፈልግ ቢፈልግ ማወቅ አቃተው። አዘነ። የሚላትን ሲያጠና ቢመጣም ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ከራሱ ላይ ጠፋ።

እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ወጣች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው። የእህቴ ልጅ ማብሪያውን ራስጌዬ ድረስ አስገባችልኝ፤ እጄን ብሰድ ይጠፋል።»

«ታዲያ?»

«የሚጠይቀኝ የለማ! እንደበራ ያድራል።»

መርፌ ጨርቁን ፈትቶ አምፖሏን አሳያት።

«ይችን ላካፍልሽ ነው የመጣሁት። ግማሿ ያንቺ ናት።»

«አምፖል ይከፈላል እንዴ አንተ?»

«አይከፈልም» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። «ስለዚህ እንጋባ። አንድ ቤት እንከራይ፣ ጎረቤት።»

ውስጥ ያሉት ዳቦ ጋጋሪዎች አንገታቸውን አሰገጉ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች።

«ማብሪያውስ በማን በኩል ሊሆን ነው?»

«በማንም። መሀሉ ላይ ግድግዳ አይኖርም።»

አምፖሏን ከእጁ ተቀብላ ትንሽ አየቻትና መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ቆይ፣ ሊጡን ልጨርስ፤ እስከዚያ ያዝልኝ» አለችው።

መርፌ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠና ቆየ።