ጥንቅቅ ከድህነት የተመረቀች ዕለት

ጥንቅቅ ሲባጎውን በምራቋ አርጥባ ጫፉን ታሾልና በትልቁ መርፌ ቀዳዳ ታሳልፋለች። ጭኗ ላይ ሆዱ የተቀደደ ጆንያ ተዘርግቷል። የእህል ነጋዴዎች አይጥ የበላውን፣ ሚስማር የቀደደውን ጆንያ ሁሉ ለእሷ ይልካሉ፤ እሷም ከአሮጌ ጆንያ በቆረጠችው ጨርቅ ቀዳዳውን ደፍና፣ ዳር ዳሩን ቀምቅማ ትመልሳለች። ዕድሜ ልኳን የሰው እህል እንዳይፈስ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። የራሷ ፈስሶባት አያውቅም። ለመፍሰስማ መጀመሪያ መኖር አለበት።

ጥንቅቅ መንደሩ ያወጣላት ስም ነው። ደጇን ጠዋትና ማታ ትጠርጋለች፤ ለመወልወያ የምትይዘውን ቡቱቶ እንኳ አጥባና አጣጥፋ ነው የምታስቀምጠው። ልጇ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው ከልጅ ልጇ ጋር ነው። ልጅቷ አስም አለባት፤ ብርድ ሲገባ ደረቷ ክዳኑ እንደላላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። መድኃኒቷ የሚገኘው በድጋፍ ካርድ ነው። ካርድ ከሌለ መድኃኒት የለም። ስለዚህ በዚያ ቤት ካርዱ ከሰው ቀጥሎ የሚከበር ነገር ነው።

ድጋፍ ሰጪው መሥሪያ ቤት ድሆቹ አሁንም ድሆች መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቤት ለቤት መዝጋቢ እልካለሁ አለ። ደግ ሐሳብ ነው። ድህነት እኮ አይታመንም፤ ማንም ሳያየው ሹልክ ብሎ ሊወጣ ይችላል። እንዳንደናገጥ ብለውም ቀኑን አስቀድመው አስታወቁን።

ጥንቅቅ ከተነገራት ሁሉ የሰማችው "ቤትሽ ሰው ይመጣል" የሚለውን ብቻ ነው።

"ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?" አለቻት ጎረቤቷን መጥረጊያ ሻጯን።

"እንደኛ መሬት ላይ ይቀመጣ!"

"ካልሲ አድርጎ የመጣ እንግዳ? ምን ይለኛል?"

"ድሃ ይልሻላ! ለሱ አይደል እንዴ የሚመጣው?"

"ድሃ ቢለኝ ግድ የለኝም። ዝርክርክ ካለኝ ግን ሞቼ እገኛለሁ።"

መጥረጊያ ሻጯ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ግን እሷም የዚያው መንደር ሰው ናት፤ በማግስቱ የራሷን መጋረጃ አውልቃ ይዛ መጣች። በዚያ መንደር ወንበር እንደ ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የአንዱ እንግዳ የሁሉም እንግዳ ነው። አናጢው ለደንበኛ የሠራቸውን ባለመደገፊያ ወንበሮች ተሸክሞ ገባ። ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛ ልብስና ብርጭቆ ከነትሪው ላከች። ሬዲዮ ጠጋኙ ደግሞ ቴሌቪዥን አቅፎ መጣ።

"ይሄ ምን ይሠራል?" አለችው ጥንቅቅ።

"ምንም። ከተቃጠለ ቆይቷል። ግን እትዬ፣ ያ ጥግ ባዶ ሆኖ አይታይሽም?"

ጥንቅቅ ጥጉን አየችው። እውነትም ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ ተቀመጠ፤ የጥልፍ ጨርቅም ለበሰ።

መዝጋቢው ሲመጣ ጨዋ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ጫማውን በር ላይ ጠረገ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ታብሌቱን አወጣ።

"እማማ፣ ቤትዎ ደስ ይላል።"

"ደስ ይበልህ የኔ ልጅ። ውሃ ልስጥህ?"

ውሃውን በትሪ አቀረበችለት። እሱ ጠጣና ዓይኑን ዙሪያውን እያንከራተተ ታብሌቱን ይነካካ ጀመር። ወንበር፣ አለ። መጋረጃ፣ አለ። ቴሌቪዥን፣ አለ።

"ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?"

ጥንቅቅ የትሪውን ጠርዝ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። እንግዳ በተቀመጠበት "የተውሶ ነው" ማለት "ተነስልኝ" ከማለት በምን ይለያል? ከጎረቤቶቹ ጋር በር ላይ ቆሞ የነበረው አናጢ ደረሰላት።

"የራሷ ነው እንጂ! የማን ሊሆን ኖሯል?"

"መጋረጃውንማ ገና በቅርቡ ነው የገዛችው" አለች መጥረጊያ ሻጯ፣ እንዳትቀር ብላ።

ጥንቅቅ አንጀቷ ራሰ። እንዲህ ገመና የሚሸፍን ጎረቤት ከየት ይገኛል? መዝጋቢውም ደስ አለው። ሁሉም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ስሟ ተጠራ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ያረጀች ሴት በአንድ ጊዜ ተመረቀች፤ ያውም ከድህነት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እጇን ጨበጠ፤ ተጨበጨበላት። የምስክር ወረቀቱን በቀኝ እጅ ሰጣት፣ ካርዷን በግራ እጅ ተቀበላት። መድረክ ላይ የሚነሳ ፎቶ ነበርና ፈገግ በይ አሏት፤ እሷም ሰው እንዳይቀየማት ፈገግ አለች።

ከመድረክ ስትወርድ መዝጋቢውን አገኘችው።

"ልጄ፣ ካርዱን መልሱልኝ። የልጅቷ መድኃኒት ሊያልቅ ነው።"

"አሁንማ ራስዎን ችለዋል እማማ። ይገዛሉ።"

"በምኔ?"

"ቴሌቪዥኑን ቢሸጡትስ?"

"የተቃጠለ ነው እኮ!"

"ያስጠግኑታ።"

ያኔ ሁሉንም ነገረችው፤ መጋረጃው የማን እንደሆነ፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ። ልጁ አመዛዛኝ ነው፤ እንደገና መጥቶ ሊያይላት ቃል ገባ፣ መጣም። የተውሶው ዕቃ ወደየባለቤቱ ተመልሶ ነበርና ቤቱ ውስጥ ሰሌንና የጆንያ ክምር ብቻ አገኘ። አዝኖ አንገቱን ነቀነቀ፤ ታብሌቱ ላይም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ንብረቷን ሸጣለች። ጥሬ ገንዘብ በእጇ አለ።"

አሁን ልጅቷ አያቷ ፊት ስትሆን ትንፋሿን ያዝ ታደርጋለች፤ ፉጨቱ እንዳይሰማባት። "ድኛለሁ እኮ እማዬ፣ መድኃኒቱም አያስፈልገኝም" ትላታለች። ጥንቅቅም ያመነች መስላ ወደ ጆንያዋ ታቀረቅራለች። ሁለቱም ከጎረቤት የተማሩት ነው፤ ገመና መሸፈን።

አቤቱታ ግን አይከለከልም፤ መሥሪያ ቤቱ አምባገነን አይደለም። አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ "ድሃ ናት" የሚል ምስክር አምጪ ብሏታል። ደንቡ አንድ ነው፤ ምስክሩ ራሱ ድጋፍ የማያገኝ ሰው መሆን አለበት፣ ድሃ ለድሃ ያዳላልና። አናጢው ካርድ አለው። መጥረጊያ ሻጯ ካርድ አላት። ልብስ ሰፊዋም ሬዲዮ ጠጋኙም አላቸው። በመንደሩ ካርድ የሌለው ባለሱቁ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በካርዱ የሚታደለውን ዱቄት ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው ራሱ ስለሆነ "እኔን ከነገሩ አውጡኝ" ብሏል። የሚያውቃት ሁሉ አይታመንም፤ የሚታመነው ደግሞ አያውቃትም።

እኔ እንዳልመሰክርላት እኔም ካርድ አለኝ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ደመወዝ ያላችሁ፣ ቃላችሁ ቢሮ ውስጥ የሚሰማ ልጆቼ፦ ኮሚቴው የሚቀመጠው በሚመጣው የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ከእናንተ አንዱ እንኳ ይምጣ። እኛ ጋ ይደር፣ ቤቷን ገብቶ ይይ፣ ልጅቷ ስትተነፍስ ይስማ፤ ከዚያ ኮሚቴው ፊት ቆሞ ሰው ንጹሕም ድሃም መሆን እንደሚችል ይንገርልን።